ስሟ የማይጠራ ሐኪም

ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ማክሰኞ፣ እኔ ሰባ ስድስት ዓመት ከሁለት ወር በሞላኝ ጊዜ፣ መምህርት አየለች በሆሳዕና ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአምሳ ስምንት ተማሪዎች ፊት ቆማ ስለ እጢዎች ታስተምር ነበር።

ሰሌዳው ላይ የሴት ልጅ የውስጥ አካል የተሣለበት ትልቅ ወረቀት በምስማር ተሰቅሏል። አየለች በእንጨት መጠቆሚያዋ እየነካካች፣ “ይህ የእንቁላል እጢ ነው፤ ከዚህ የሚመነጨው ሆርሞን ደግሞ...” ካለች በኋላ ዝም አለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ የጠራችው ስም ከአፏ ላይ ተነሥቶ ሄደ። በዚያው ቅጽበት ከደረቷ ሥር አንድ ነበልባል ተነሣና አንገቷን አልፎ ፊቷን ሞላው። ኅዳር ነው፤ ሆሳዕና ደግሞ በኅዳር ማለዳ ሹራብ የሚለበስባት ከተማ ናት። አየለች ግን መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች፣ ሻርፗን ጣለች፣ ይህም አልበቃ ብሏት ሥዕሉን ከምስማሩ አውርዳ ራሷን ታራግብበት ጀመር።

“ቲቸር! ኢስትሮጅን!” ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ አስታወሳት።

ማህፀኑም፣ እጢዎቹም፣ ቱቦዎቹም በክፍሉ ፊት ወዲያና ወዲህ ሲውለበለቡ ያዩ ተማሪዎች ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አየለችም ሣቀች። ወደ መምህራን ማረፊያ ከገባች በኋላ ግን አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና፣ “ጉዳዩ፦ በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ስለ መልቀቅ” ብላ ጻፈች። ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ወጥተው የሚመለሱት ሰኞ ነበር፤ ለእርሳቸው ደብዳቤ እንዳላት ግን ለምክትላቸው ነገረችው። እስከ ሰኞ መፍትሔ ካልተገኘ ደብዳቤው ከቦርሳዋ ወጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ሊቀመጥ ነው። ማስተማርን ከነፍሷ ትወድ ነበር፤ የሚያስተምሩትን ስም እየረሱ መቆምን ግን ለራሷ ውርደት አድርጋ ቆጠረችው።

መፍትሔ አልፈለገችም እንዳይባል፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ፈልጋለች። መጀመሪያ ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ሀብታሙ፣ “ምች ነው፤ ምች ነው የመታሽ” ብሎ ከጓሮው ዳማከሴ ቀጥፎ አመጣላት፤ አሸታ ጠጣችው፤ ምቹም ዳማከሴውም ሄዱ፣ ነበልባሉ ቀረ። ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ደሟን ወሰዱና፣ “ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት” አሏት፤ ዐሥር ቀን ክኒን ዋጠች። በወሩ ስትመለስ ታይፎይዱ አሁንም እዚያው ነበረ፤ ድጋሚ ዐሥር ቀን ዋጠች። በሦስተኛው ቦታ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ አንድ ባለሙያ፣ ነገሩ የሆርሞን ይሆን እንዴ ብላ ብትጠይቀው ፊቱ በራ።

“ሆርሞንማ አለን! ሦስት ወር የሚያቆይ መርፌ አለ። ልጅ አይመጣብዎትም፤ በፍጹም አያስቡ።”

“ልጄ፣ እኔ የሚያሳስበኝ ልጅ መምጣቱ አይደለም። የመጨረሻው ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ለመምጣት ስልክ ተደውሎለት ነው” ብላው ወጣች።

እንግዲህ አንባቢ፣ የባዮሎጂ መምህርት ሆና የራሷን ዕድሜ እንዴት ሳታውቀው ቀረች ይል ይሆናል። የምታስተምርበት መጽሐፍ ስለዚያ ዕድሜ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የወር አበባ በአምሳ ዓመት ግድም ይቋረጣል ይላል፣ ነጥብ። ስለ ነበልባሉ፣ ስለሚሸሸው እንቅልፍ፣ ስለሚጠፋው ቃል አንዳች አይናገርም። ያልተጻፈውን ደግሞ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩትም ነበር። ስለዚህ አየለች የጠረጠረችውን እንኳ ለባሏ አልነገረችም። ባሏ ሚካኤል በግብርና መሥሪያ ቤት የሚሠራ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ምስጢር በእርሱ ዘንድ ሲያድር ታይቶ አይታወቅም። የሚስቱን ታይፎይድ ለመሥሪያ ቤቱም ለእድሩም እንደ ሹመት አውርቶታል። እርሷ ብርድ ልብሱን እየገፈፈች ስለምትጥልበትም፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ መተኛት ከጀመረ ሰንብቷል።

ረቡዕ ዕለት አየለች የራስ ምታት ክኒን ለመግዛት ወደ ሱምያ መድኃኒት ቤት ጎራ አለች። ሱምያ የቀድሞ ተማሪዋ ናት፤ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወልዳ፣ ከአባቷ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ጎን የራሷን መድኃኒት ቤት የከፈተች ፈጣን ልጅ። አስተማሪዋ በመጋረጃው ጥግ ቆማ በክኒኑ ካርቶን ስታራግብ አየቻት።

“ቲቸር፣ ይህ ነገር ስንት ጊዜ ሆነዎት?”

“ዘጠኝ ወር። ታይፎይድ ነው።”

ሱምያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “የወር አበባስ ካዩ?” አለቻት።

አየለች ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ አንድ የሚያስል ሽማግሌ ተራ ይጠብቃል። “ዐሥራ አራት ወር” ስትል በጣም ዝቅ አድርጋ መለሰች።

“እንግዲያው ታይፎይድ አይደለም፤ ዕድሜ ነው።”

“ሰደብሽኝ።”

“አልሰደብሁዎትም፤ እናቴም እንዲሁ ነድዳ ነበር። መድኃኒት አለው።”

“አለው? ታዲያ አምጪዋ!”

“አልሰጥዎትም” አለች ሱምያ፣ እጇን በመደርደሪያው ላይ ዘርግታ፣ ልክ መድኃኒቱ ዘሎ እንዳይወጣ እንደምትከለክል። “ይህ የሚያውቅ ሰው ጠይቆ፣ መርምሮ የሚያዝዘው ነው። አንዷን የሚያድን ሌላዋን ይጎዳል። ባለፈው ወር አንዲት የቦኖሻ ሴት ማዘዣ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ እንዲያ ያለ ማዘዣ አይቼ አላውቅም። ሁሉም በልክ፣ ሁሉም በቀን፣ መቼ ተመልሳ እንደምትታይ ሳይቀር። ሐኪሟ ከአዲስ አበባ ጡረታ ወጥታ ወደዚህ ወደ አገሯ ገብታለች አሉ። ሆሳዕና ትሁን አንጋጫ፣ ዱራሜ ትሁን ሺንሺቾ አላወቅሁም፤ ስሟን ይዘው ቢጠይቁ ግን አትጠፋዎትም።”

“ማን ትባላለች?”

“ዶክተር ርብቃ።”

የአየለች ፊት ጠቆረ። “ሌላ ስም የላትም?”

“ቲቸር፣ አንድ ሰው ስንት ስም አለው?”

“የአባቷስ ስም?”

“ማኅተሙ ደብዝዞ አልታየኝም። እኔ ከሰዓት ወልቂጤ ለዘመድ ሠርግ እሄዳለሁ፤ ሰኞ ስመለስ እጠይቅልዎታለሁ።”

ሰኞ ደግሞ የደብዳቤው ቀን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየለች አንጋጫ አጠገብ የተወለደች የከምባታ ልጅ ናት፤ ያገባችው የሺንሺቾ ሰው ነው፤ የሚካኤል እናት ደግሞ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸውን ይዘው ከእነርሱ ጋር የሚኖሩት እማማ፣ ስማቸው ርብቃ ነው። በአገራችን ልማድ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስም መጥራት እጅን ዘርግቶ ግንባር እንደ መንካት ይቆጠራል። ዛሬ ብዙ ወጣት ሴቶች ይህን ትተውታል፤ አየለች ግን ከእናቷ በተቀበለችው ቀን እንደ ነበረ ሠላሳ ዓመት ይዛዋለች። በክፍሏ ርብቃ የምትባል ተማሪ ካለች በስም መጥሪያው ተራ ቁጥር ትጠራታለች፤ በዚያ ዓመት ልጅቷ “ሠላሳ አንድ” ትባል ነበር። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኗም ንባብ ሲደርሳትና ርብቃ እንስራዋን ተሸክማ ከከተማ የምትወጣበት ምዕራፍ ሲሆን ጉንፋን ይይዛታል፤ ሌላ ሰው ያነብላታል። እኔ ምራት ስላልሆንሁ ስሙን ያለ ሥጋት እጽፈዋለሁ።

ሐሙስና ዓርብ አየለች በእረፍት ሰዓቷ ሁሉ ስልክ ስትደውል ዋለች። “ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ጡረታ የወጣች የሴቶች ሐኪም” ስትል፣ ሁሉም በአንድ አፍ “ስሟ ማን ነው?” ይሏታል። ስሟን አልጠራም ስትል የሚሥቅባትም ስልኩን የሚዘጋባትም ነበር። ዓርብ ከሰዓት አንጋጫ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ደወለች። ስልኩን ያነሣው የካርድ ክፍል ሠራተኛው ፈትሁዲን ነበር፤ ከሌላ አገር መጥቶ እዚያ ከተቀጠረ ሁለት ወሩ ነው።

“ማንን ነው የፈለጉት እናቴ?”

“የአማቴን ሞክሼ።”

“አማትዎ ማን ይባላሉ?”

“እሱን አልጠራም።”

“ተጣልታችኋል?”

“ኧረ በጭራሽ! እንዋደዳለን።”

“ታዲያ ምን ከለከለዎት?”

“መዋደዳችን።”

ፈትሁዲን በሕመምተኛ መጨከን ስለማይሆንለት፣ “እንግዲያው አንድ ምልክት ይስጡኝ” አላት። አየለች አሰበች፣ አሰበች፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ትዝ አላት።

“የይስሐቅ ሚስት ናት።”

“እንዲህ አይሉኝም!” አለ ፈትሁዲን ተደስቶ። “የይስሐቅ ሚስትማ እዚሁ እኛ ጋ ናት፤ ነገ ጠዋት ትገባለች። አንደኛ ተራ ይዤልዎታለሁ።”

አየለች ስልኩን ስትዘጋ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆኖ ኦሪትን እንዲህ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ደነቃት።

ቅዳሜ በማለዳ በሚኒባስ ተሳፍራ አንጋጫ ገባች። ፈትሁዲንም ቃሉን ጠብቆ አንደኛ አስገባት። ውስጥ ያለችው ሐኪም አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍናለች፤ ከፊቷ ወደ ኋላ የሚዘነበል ትልቅ ወንበር አለ፤ ከላዩ መብራት። አየለች ተቀመጠች፤ ወንበሩም ይዟት ተንጋለለ።

“አፍዎን ይክፈቱ።”

ሆርሞንን ከአፍ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሐሳብ ሳይመጣባት አልቀረም። ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይጀምራል ብላ ከፈተች።

“ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ነው?”

“ዘጠኝ ወር።”

“ዘጠኝ ወር ችለው! የሚያምዎት ሙቅ ሲነካዎት ነው ቀዝቃዛ?”

“ሙቀቱ ከራሴ ነው የሚነሣው። ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል።”

“ከደረትዎ?” አለች ሐኪሟ፣ በእጇ ያለውን መስተዋት ወደ ኋላ ስባ። “የትኛው ጥርስ ነው?”

“የምን ጥርስ?”

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አየለች ከተንጋለለችበት ቀና ለማለት እየታገለች፣ “ይቅርታ ልጄ፤ ባለቤትሽ ይስሐቅ ነው እንዴ የሚባለው?” ስትል ጠየቀቻት።

የጥርስ ሐኪሟ ደነገጠች። “አዎ፤ ምነው? ምን ሆነ? መኪናው ተገለበጠ?”

“ኧረ ደኅና ነው! አላውቀውም! ስሙን ብቻ ነው የማውቀው!”

ይህ ይበልጥ አስደነገጣት። ነገሩ እስኪፈታ ድረስ ጊዜ ወሰደ፤ ከተፈታ በኋላ ግን የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ማህሌት ጭምብሏን አውልቃ እንባዋ እስኪፈስ ሣቀች። እርሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ እናቷ እስከ ዛሬ የአማቷን ስም አትጠራም። “እንግዲያው የሚፈልጓት ርብቃ የምትባል ናት” አለች። “እኔ ግን እንዲህ ያለች ሐኪም አላውቅም፤ አንጋጫም የለች። አዝናለሁ እናቴ። እስከዚህ ከመጡ አይቀር ግን፣ ከኋላ በቀኝ በኩል አንድ ጥርስዎ ተቦርቡሯል፤ ልሙላልዎት?”

አየለች ወደ ሆሳዕና የተመለሰችው የቀኝ ጉንጯ ደንዝዞ፣ ከንፈሯ ተንሻፎ፣ ባልታሰበ ዝናብም ርሳ ነበር። እማማ በረንዳው ላይ፣ በበርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ የማየት ፍላጎታቸው አልደከመም።

“የት ነበርሽ?”

“አንጋጫ።”

“አፍሽን ማን መታሽ?”

“የጥርስ ሐኪም ነው።”

“ዘጠኝ ወር ሙሉ የሚያቃጥልሽ ጥርስሽ ነበር እንዴ? እኔ ደግሞ ያ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር።”

አየለች ቆማ ቀረች። “ያ ነገር የትኛው?”

“ሞኝ! የሴት ነገር ነዋ። እኔስ ያልነደድሁ መሰለሽ? በሺንሺቾ ማሳ መካከል ነጠላዬን ወርውሬ እንሰት ቅጠል ሥር ተጋድሜ እውል ነበር። ሰዉ ጋኔን ይዟታል አለ። አማቴ ‘ያልፋል’ አለችኝ። እውነት ነው፣ አለፈ፤ ሰባት ዓመት ፈጅቶ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ? ልጄ ታይፎይድ ነው ብሎ አገሩን ሲሞላው፣ ክኒንሽን በሰዓቱ ስትውጪ፣ የተማረች ናት፣ ታውቃለች ብዬ ዝም አልሁ።”

ያን ጊዜ አየለች ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ክፍሉን፣ የጠፋውን ቃል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ፣ የሱምያን ሐኪም፣ ፈትሁዲንን፣ ወንበሩን። እማማ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጧት።

“አንድ ነገር አልገባኝም” አሉ በመጨረሻ። “የሐኪሟን ስም ነግራሻለች። ስሟን ጠርተሽ ብትጠይቂ ምን ነበረበት?”

አየለች መሬት መሬት አየች።  የእማማ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አየለች የሚያለቅሱ መስሏት ቀና ስትል እየሣቁ ነበር።

“ርብቃ ናት! ርብቃ ናት አይደል? ሠላሳ ዓመት ተሸክመሽኝ፣ አሁን እኔው ራሴ ጋሬጣ ሆኜ መንገድሽ ላይ ልጋደም? በይ ጥሪኝ። ፈቅጄልሻለሁ። ርብቃ በይ።”

“ር...” አለች አየለች። ደንዛዛው ከንፈሯም ደኅነኛውም እምቢ አሉ። እንደ ገና ሞከረች። “አልሆነልኝም እማማ። ሠላሳ ዓመት ያልሄድሁበት መንገድ ነው።”

“ተዪው” አሉ እማማ። “አንቺ የማትጠሪውን እኔ እጠራዋለሁ። የራሴ ስም አይደለም?”

በማግስቱ እሑድ ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን መውጣት ሲጀምር፣ እማማ ከሁሉ ቀድመው በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። በትራቸውን መሬት አስደግፈው፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ይጣሩ ነበር።

“ርብቃ! ርብቃ ሆይ! ወዴት ነሽ?”

ሰዉ ቆመ። የሚያውቋቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። “አይ እርጅና! እማማ ራሳቸው ጠፍተውባቸው ራሳቸውን ይፈልጋሉ” አለ አንዱ። ሚካኤል እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

“እማዬ፣ እንሂድ፤ ሰው እያየን ነው።”

“እንዲያየን አይደል የምጮኸው? ርብቃ!”

ቆሞሱ አባ ሕዝቅኤል ልብሰ ተክህኖአቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወጡ። ጎንበስ ብለው፣ ለሕፃን በሚናገሩበት ድምፅ፣ “እማማ፣ ርብቃ እኮ እርስዎ ነዎት” አሏቸው።

“እሱን አላጣሁትም አባ። የጠፋችው ሌላዋ ናት።”

በዚህ መካከል ርብቃዎች መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣችው ሠላሳ አንድ ነበረች፤ ደብተሯን እንዳቀፈች።

“ሐኪም ነሽ?” አሏት እማማ።

“ተማሪ ነኝ።”

“እንግዲያው ምን ታደርጊልኛለሽ? ሂጂ አጥኚ።”

ሁለተኛዋ ጎመን የምትሸጥ ጎልማሳ ነበረች፤ እርሷንም በምርቃት አሰናበቷት። አየለች ከበሩ ምሰሶ ኋላ ቆማ መሬት ብትውጣት ትመኝ ነበር፤ ነበልባሉም ይህን ሰዓት መርጦ ተነሣባት። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል መነጽር ያደረጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሴት ቀረብ አሉ።

“እናቴ፣ እኔም ርብቃ ነኝ።”

“ሥራሽ ምንድን ነው?”

“ሐኪም ነበርሁ። አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ትንሽ ትንሽ አያለሁ።”

“ምን ታያለሽ?”

“ሴቶችን።”

እማማ በትራቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። “ተመስገን! ነይ ወደዚህ ሞክሼ! ያቺ ከምሰሶው ኋላ የተሸሸገችው የልጄ ሚስት ናት፤ እየነደደች ነው፤ አጥፊልኝ!”

አየለች ከተደበቀችበት ስትወጣ ሴትዮዋን ዐወቀቻቸው። ስምንት ወር ሙሉ በየእሑዱ ከፊቷ ባለው መቀመጫ የሚቀመጡት ናቸው። ሰላም ተባባሉ በሚባልበት ሰዓት ስምንት ወር እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል። ስማቸውን አልጠየቀችም፤ እርሳቸውም የእርሷን።

“ታይፎይድ አይደለም እንዴ?” አለ ሚካኤል ግራ ተጋብቶ።

“የአንተን ታይፎይድ ተወው” አሉት እናቱ። እንዲህ ሲባባሉ ከሕዝቡ ውስጥ ሦስት አራት ሴቶች ጆሯቸውን አቅንተው ቀስ በቀስ ወደ ጃንጥላዋ ሲጠጉ ታዩ።

ዶክተር ርብቃ የሚሠሩበት ክሊኒክ ከአየለች ትምህርት ቤት በእግር የዐምስት ደቂቃ መንገድ ነበር። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አየለችና እማማ ገቡ፤ እማማ ሞክሼዬን ላይ ብለው ቅሩ ቢሏቸውም አልቀሩም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያየቻቸው ሰዎች ሁሉ ከመጠየቃቸው በፊት መልሰው ነበር። እኚህ ሐኪም ግን ብዕራቸውን እንኳ ሳያነሡ ጠየቁ። ነበልባሉ በቀን ስንቴ ይመጣል? እንቅልፍሽ በስንት ሰዓት ይሰበራል? የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ታይቶሽ ያውቃል? ጡትሽ ላይ እብጠት፣ እግርሽ ላይ የረጋ ደም፣ ጉበት፣ ልብ? ከእናትሽ ወገን በጡት ካንሰር የሞተ አለ? ከዚያም ግፊቷን ለኩ፣ መረመሯት፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ጻፉላት። እማማ በየመካከሉ፣ “እኔንም እንዲህ የጠየቀኝ ቢኖር” እያሉ ይተክዙ ነበር።

“ውጤቱ ደኅና ከሆነ ሁለት ሆርሞን አንድ ላይ ነው የማዝዝልሽ” አሉ ዶክተር ርብቃ። “ማህፀኗ ላለ ሴት አንዱን ብቻውን አልሰጥም።”

“ለምን?”

“ለምን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። መምህርቷ አንቺ ነሽ።”

አየለች ቀጥ ብላ ተቀመጠች። “ኢስትሮጅን ብቻውን ከሆነ የማህፀንን ግድግዳ ያወፍረዋል። ፕሮጄስትሮን ነው የሚገታው” አለች። ቃሉ ሳይጠራ መጣ። እማማ ምንም ባይገባቸውም አጨበጨቡላት።

“መድኃኒቱ የረሳሽውን ሁሉ ያስታውስሻል ብዬ አልዋሽሽም” አሉ ሐኪሟ። “ነበልባሉን ያበርድልሻል፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ሲመለስ ቃሉም አብሮ ይመለሳል። በሦስት ወር እንገናኛለን፤ ካልተስማማሽ እንቀይራለን። እስከዚያው የሳምንት መዝገብ ያዢልኝ፤ በየትኛው ሰዓት መጣ፣ ምን እየሠራሽ ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። ወረቀት አለሽ?”

አየለች ቦርሳዋን ከፈተች። በውስጡ የነበረው ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ገለበጠችውና በጀርባው አራት መስመር አሰመረች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሥራ፣ ደቂቃ። የመጀመሪያውንም እዚያው ሞላች፦ “ሰኞ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ሐኪም ፊት ተቀምጬ፤ አራት ደቂቃ።”

ትምህርት ቤት ስትደርስ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ነበሩ። “አቶ ሀብታሙ ደብዳቤ አለሽ ብሎኝ ነበር፤ አምጪው” አሏት።

“ይቅርታ፣ አሁን ሥራ ላይ ነው” አለች አየለች፣ ወደ ክፍሏም ገባች።

ሱምያ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በጥር መጨረሻ አየለች በሌሊት ስድስት ሰዓት ያህል ትተኛ ጀመር፤ ሚካኤልም መጀመሪያ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ኮፍያውን አወለቀ። ነበልባሉ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜ ለሰላምታ ያህል ብቅ ይላል፤ ሲመጣ ግን ስሙን ታውቀዋለች። በየካቲት ስለ እጢዎች ለሌላ ክፍል ስታስተምር፣ መጽሐፉ ያልጻፈውን በራሷ ጨመረች፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ለእናቶቻቸው ሊነግሩ ጻፉት።

ከዚያ ወዲህ እናቶቹ፣ ከዚያም አስተማሪዎቹ፣ የሐኪሟን ስም ሊጠይቋት ይመጡ ጀመር። አየለች ዛሬም አትጠራውም። “ቤቴ ሂዱ፤ እማማ ይነግሯችኋል” ትላቸዋለች። እማማም በርጩማቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ሲደርሱ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ ይሉና፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ስማቸውን ይጠራሉ፤ ጥቂት ቆይተው፣ “እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሟ ሞክሼዬ ናት፤ እርሷ ያለችው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው” ብለው መንገዱን ያሳያሉ።

እኔ ግማሹን ዓይቼ፣ ግማሹን ሰምቼ፣ ቀሪውን ከማስታወስ ጽፌዋለሁ። ምናልባት ሁለተኛዋ ርብቃ ጎመን ሳይሆን ድንች ትሸጥ ነበር፤ ምናልባትም የተሞላው የግራ ጥርስ ነው። የረሳሁትን ወይም ያዛባሁትን የምታውቁ አንባብያን፣ ሳትሳቀቁ እንድታርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።